ድመት መታወቂያ የምታወጣበት ከተማ

ኢስታንቡል ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ምን እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ስለ ላሌሊ ነው። ሱሪ በደርዘን፣ ጫማ በካርቶን፣ የካርጎ ሂሳብ በኪሎ…! ልብስ ነጋዴዎቻችን ያንን ሰፈር ከመርካቶ ባልተናነሰ ያውቁታል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሱሪም ስለ ጫማም አይደለም። ስለ ድመት ነው። አዎን፣ ስለ ድመት! አትሳቁ። እስክጨርስ ታገሡኝና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።

ይዛኝ የሄደችው አክስቴ ናት። መርካቶ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ‹‹እንግሊዝኛ ትችላለህ፣ ትከሻም አለህ›› ብላ ነው የመረጠችኝ። ትከሻው አገልግሏል። እንግሊዝኛው ግን… ላሌሊ ላይ የሚሠራው ቋንቋ ካልኩሌተር ነው። ሻጩ ቁጥር ይጽፋል፣ አክስቴ አጥፍታ የራሷን ትጽፋለች፣ እሱ ደረቱን ይዞ ይጮኻል፣ ሻይ ይመጣል፣ ይስማማሉ። አለቀ!

በሁለተኛው ቀን ግን ካልኩሌተሩም አልሠራ። አንዲት ሻጭ ዘንድ የጂንስ ክምር ላይ አንዲት ወፍራም ድመት ተጋድማ ተኝታለች። አክስቴ የምትፈልገው ቁጥር ደግሞ ያለው ከድመቷ ሥር ነው። አክስቴ በእጇ አመለከተች። ሴትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ‹‹አብላ…›› አለችና እንድትጠብቅ ለመነቻት። አብላ ማለት እኛ ‹እትዬ› እንደምንለው ነው።

‹‹ምን?! ለድመት ብዬ ወረፋ ልያዝ?›› አለችኝ አክስቴ በአማርኛ።

ሻይ መጣ። ሁለተኛ ሻይ መጣ። ድመቷ በስንት ጊዜዋ ነቃች፣ ተንጠራራች፣ እኛን ከላይ እስከ ታች ገረመመችንና ወረደች። ግብይቱ ቀጠለ። ስትወርድ ነው ጆሮዋን ያየሁት፤ የአንደኛው ጫፍ በምላጭ እንደተላጨ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። መጀመሪያ የድመት ጠብ ነው ብዬ ነበር። ከሱቁ ስንወጣ በር ላይ የተቀመጠችውም እንደዚያው። ትራም ፌርማታው ላይ ያለችውም! ‹‹ይኼ የድመት ፋሽን ነው እንዴ?›› ብዬ የሴትየዋን ልጅ ጠየቅሁት። ልጁ እንግሊዝኛ ይሞክራል። ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ፦ ይህች ድመት ተይዛ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ፣ የተመለሰች ናት። ጆሮዋ መታወቂያዋ ነው። ሁለተኛ ሰው ይዞ እንዳያንገላታት፣ በባዶ ሆድ እንዳያስቀድዳት።

ገባችሁ አይደል? በእኛ አገር ሙክት በሬ፣ ሙክት በግ እናውቃለን። የሚኮላሸው እንዲሰባ ነው፤ ከሰባ በኋላ ዕጣው ይታወቃል። እዚያ ግን ድመቷ የምትመክነው እንድትኖር ነው።

ቱርክ ይህን በሕግ ያደረገችው እ.ኤ.አ በ2004 ነው። የእንስሳት ጥበቃ ሕጓ ማዘጋጃ ቤቶችን የመንገድ እንስሳ ይዛችሁ አምክኑ፣ ክትባት ስጡ፣ ካነሣችሁበት ቦታ መልሱ ይል ነበር። ‹ካነሣችሁበት ቦታ› የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። የኢስታንቡል ማዘጋጃ ቤት ቬትቡስ የሚሉት አውቶቡስ አለው። ውስጡ ክሊኒክ ነው። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ባለቤት የሌላቸውን እንስሳት ያክማል። እኛ ዘንድ አውቶቡስ ለሰውም ሲገኝ ዕልል ነው!

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ካርጎ ቤት ስትመዘን… ይቅርታ፣ ዕቃዋን ስታስመዝን፣ እኔ አምልጬ ከተማውን ዞርኩ። ትራሙ ከላሌሊ ተነሥቶ በሱልጣን አህመት በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሱልጣን አህመት ላይ ሐጊያ ሶፊያ አለች። ግሊ የምትባለው ታዋቂ ድመት የኖረችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ በ2004 ተወልዳ ሙሉ ዕድሜዋን በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ አሳለፈች። በ2009 ኦባማ ሲጎበኝ እሷንም ደባብሷል። ሕንፃው በ2020 ከሙዚየምነት ወደ መስጊድነት ሲለወጥ ‹‹ግሊስ?›› የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ባለሥልጣናቱ ‹‹ትኖራለች›› ብለው መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ አርጅታ ሞተች። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፤ መስጊድ ብትገባ ማንም ‹ውጪ› አይላትም። አንድ ከተማ ድመት የሚወድበት ምክንያት በማሽን አይጀምርም፣ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ከኤሚኖኑ በጀልባ ወደ ካዲኮይ ተሻገርኩ። 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በአንድ ጉዞ ከአውሮፓ እስያ ገባሁ፣ ሻይ እየጠጣሁ! ካዲኮይ ውስጥ ቶምቢሊ ለተባለች ድመት ሐውልት አቁመውላታል። ቶምቢሊ የታወቀችው መንገድ ዳር አንድ ክንዷን ደረጃ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ጫት ቃሚ ዘና ብላ በተነሣችው ፎቶ ነው። በ2016 ስትሞት ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ፈርመው ሐውልት ጠየቁ፤ በዓለም የእንስሳት ቀን ተመረቀላት። ከወር በኋላ ሌባ ሐውልቱን ወሰደው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሌባው መለሰው! ሌባም ያፍራል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቴክኖሎጂው እንግባ። እ.ኤ.አ በ2014 ፑጌዶን የሚባል የቱርክ ኩባንያ ኢስታንቡል ላይ አንድ ሳጥን አቆመ። የውሃ ፕላስቲክህን ከላይ ትከታለህ፣ ከታች የእንስሳ ምግብ ይፈስሳል። ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈ ውሃ ካለ ለብቻው ማፍሰሻ አለው፣ እሱም ለእንስሳቱ ይሆናል። ፕላስቲኩ ተሸጦ የምግቡን ወጪ ይሸፍናል የሚል ነው ሐሳቡ። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ልብ በሉ… ድመትን መመገብ ብቻ ድመትን ያበዛል። የጠገበች ድመት በደንብ ትወልዳለች። ማሽኑን ያዩ ቱሪስቶች ፎቶ አንሥተው ይሄዳሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጆሮዋን የቆረጣት ሐኪም ነው።

ካዲኮይ ላይ አንድ ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ በር ቆሜ ሳይ፣ አንዲት ልጅ ድመት በቦርሳ አንጠልጥላ መጣች። ሐኪሙ የፀጉር መቁረጫ የመሰለ ነገር አንሥቶ በድመቷ ትከሻ ላይ አሳለፈው። ጢጥ! 15 ቁጥር ወጣ። ይኼ ማይክሮቺፕ የሚሉት ነው። መጠኑ የሩዝ ፍሬ ያህላል። በመርፌ ቆዳዋ ሥር፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መሐል ይገባል። ባትሪ የለውም። ብዙ ሰው ‹ድመቴ የት እንዳለች በስልኬ ያሳየኛል› ይላል፣ አያሳይም! ማንበቢያው ሲጠጋው ብቻ ነው ቁጥሩን የሚናገረው። ቱርክ በ2021 ሕጓን ስታሻሽል ባለቤት ያላቸው ድመትና ውሾች ሁሉ ይህን ቺፕ አስገብተው እስከ 2022 መጨረሻ እንዲመዘገቡ አዝዛለች። ምክንያቱ ብልኅ ነው። የመንገድ ድመት ከሰማይ አትወርድም። ሰልችቶት የሚጥላት ሰው አለ። ቺፕ ካላት ጣዩ ይታወቃል።

ከዚህም የባሰ አለ። ቻይና ውስጥ የባይዱ ኩባንያ አንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ በ2019 ለቤይጂንግ የመንገድ ድመቶች የክረምት መጠለያ ሠራ። በሩ ላይ ካሜራ አለ። ካሜራው ፊት ያያል፤ ድመት ከሆነች በሩ ይከፈታል፣ ውሻ ከሆነ አይከፈትም! ውስጡ ይሞቃል፣ ምግብና ውሃ አለ። ድመቷ የታመመች ከመሰለ ወይም ያልመከነች ከሆነች (ጆሮዋን አይቶ ነው የሚያውቀው) ለበጎ ፈቃደኞች በስልክ ይነግራል። እነሱ መጥተው ይወስዷታል። እዚህ ላይ ነው ማሽኑ ጥቅሙ የታየኝ። ድመት የምትንቀሳቀሰው ሰው ሲተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የትኛዋ እንደመከነች የትኛዋ እንዳልመከነች የሚቆጥር ሰው ከየት ይመጣል?

ያው ዓይን ግን ሌላም ሥራ ይሠራል። አውስትራሊያ ውስጥ ፊሊክሰር የሚባል መሣሪያ አለ። እሱም በሌዘር ድመትን ከሌላ እንስሳ ይለያል። ከለየ በኋላ በር አይከፍትም፤ ፀጉሯ ላይ መርዝ ያለበት ቅባት ይተፋባታል። ድመት ንጹሕ ናትና ትልሰዋለች፣ ትሞታለች። አውስትራሊያውያኑ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ድመት በአውሮፓውያን የገባች ስትሆን የአገሩን ትናንሽ እንስሳት እየፈጀች ነው። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። እኔ ግን የድመት ንጽሕናዋ መሞቻዋ ሲሆን ትንሽ ጨንቆኛል።

ቱርክም ብትሆን ገነት አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1910 የኢስታንቡልን ውሾች፣ 80 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ይነገራል፣ በጀልባ ጭነው ሲቭሪአዳ የምትባል ደረቅ ደሴት ላይ ጣሏቸው። በረሃብና በውሃ ጥም አለቁ። በሐምሌ 2024 ደግሞ ፓርላማው ሕጉን ቀይሮ ማዘጋጃ ቤቶች የመንገድ ውሾችን ሰብስበው መጠለያ እንዲያስገቡ ወሰነ፤ በማይድን በሽታ የተያዙና አደገኛ የሆኑት ሊገደሉ ይችላሉ። ድመቶቹ ላይ አልመጡም፣ ያነጣጠረው ውሾች ላይ ነው። የላሌሊዋ ሴትዮ ልጅ ግን ‹‹ዛሬ ውሻ ነው…›› ብሎኝ ሳይጨርሰው ዝም አለ።

‹‹ይኼ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?›› የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አክስቴም አውሮፕላን ውስጥ ያለችኝ ይህንኑ ነው። ‹‹አንተ ልጅ፣ እኔ ጂንስ ይዤ እመለሳለሁ፣ አንተ የድመት ወሬ!››

እንግዲያው ስሙ። ጉለሌ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ ነን። ድመቶቹ ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ሲጣሉ፣ ሲጮኹ፣ ሕፃን ያለቀሰ ነው የሚመስላችሁ። ከኢስታንቡል ስመለስ ጎረቤቶቼ ስብሰባ ተቀምጠው ደረስኩ። አንዱ ጎረቤታችን ‹‹ሥጋ ላይ ትንሽ የአይጥ መርዝ ነው መላው›› ይላል። ሌላዋ ‹‹ነፍስ ነው፣ ግፍ ነው! በጆንያ ከተን እንጦጦ እንጣላቸው›› ትላለች። በየከተማችን ማለዳ ላይ በመርዝ የወደቁ ውሾች ሳያይ ያደገ የእኛ ዕድሜ ልጅ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የመርዙ ሐሳብ ማንንም አላስደነገጠም።

እኔ ‹ካነሣችሁበት ቦታ መልሱ› የምትለዋን አነሣሁ። ድመት አንድ ግቢ ውስጥ የምትኖረው እዚያ የምትበላው ስላለ ነው፤ ቆሻሻ አለ፣ አይጥ አለ። እሷን ብትጥላት ቦታው ባዶ ይሆንና የጎረቤት ግቢዋ ትመጣለች። ያልመከነች ናት፣ ትወልዳለች፣ እንደገና መርዝ። የመከነችው ግን ቦታዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ አትወልድም። ጩኸቱም የሚበዛው በመጠቃት ጊዜ ስለሆነ አብሮ ይቀንሳል፤ ወንዱም ከተኮላሸ ጠቡን ይተዋል። መርዙን የተመገበች አይጥ ወይም ሥጋውን ያገኘ ዶሮ ወይም… ሕፃን ደግሞ አለ። ይኼን ስናገር ሕፃን ያላት ጎረቤታችን ቀና አለች።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ድመት ከአራት አምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። የምትሸከመው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በአንዴ አራት ያህል ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ። እያጠባችም ታረግዛለች! ባለሙያዎች የአንድ አካባቢ ድመቶች ቢያንስ 70 በመቶ ያህሉ ካልመከኑ ቁጥሩ አይወርድም ይላሉ። 70 በመቶ ለማለት ግን መጀመሪያ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ግቢያችን በሙሉ ‹‹አራት ናቸው›› ይል ነበር።

አንዱ ተከራይ ስልክ ጠጋኝ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው ግን የሚሠራ አሮጌ ስልክ ሞልቶታል። አንዱን ከቆሻሻ በርሜሉ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፣ ቻርጀሩን በመስኮት አወጣ፣ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ፎቶ የሚያነሣ ነፃ አፕ ጫነበት። ባይዱን በጉለሌ! ሦስት ሌሊት ቆጠርን። አራት አይደሉም፣ ሰባት ናቸው! አምስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አንደኛዋ ግራጫ የምትመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻ ስለሆነ ማንም አይቷት አያውቅም።

ገንዘቡስ? አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ጠየቅን። ለአንዲቷ የጠሩልን ዋጋ ከላሌሊ ከመጣ አንድ ጥሩ ጫማ ብዙም አይርቅም። ቀላል አይደለም፣ ግን ለስድስት ተከራይ ሲካፈል ያን ያህልም አይደለም። ቤት አከራያችን እማማ የአንዲቷን ከፈሉ። የሁለቱን ማን እንደከፈለ ገምቱ… አክስቴ! መርካቶ ያለውን መጋዘኗን አይጥ ጂንስ በጂንስ አድርጎባታል። ‹‹ለድመት ብዬ አይደለም፣ ከመከኑ አንዷን ለመጋዘኔ ትሰጡኛላችሁ›› ብላ ፈረደች። ድመት ከቦታዋ አትነሣም ብዬ የሰበክሁትን ሁሉ ገደል ከተተችው፣ ግን ብሩን ያወጣችው እሷ ናት፣ ምን ይባላል?

በሰፈራችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ እኛ ያደረግነው ይኼ ነው። ለአንድ ሳምንት ምግብ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። ከዚያ ምግቡን ሣጥን ውስጥ። የመያዣው ዕለት ዋዜማ ምንም አትስጧት፤ ሲርባት ትገባለች፣ ማደንዘዣውም በባዶ ሆድ ነው የሚሻለው። ሰርዲን የማትወድ ድመት እስካሁን አላየሁም። በባዶ እጅ አትያዙ! ብትነክስ ወይም ብትቧጥጥ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ነው እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። የምታጠባ ከሆነች ልጆቿ ራሳቸውን ችለው መብላት እስኪጀምሩ ጠብቁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ጸጥ ያለ፣ የሚሞቅ ቦታ ትተኛ። ጆሮዋን እንዲቆርጥላት ሐኪሙን ቀድማችሁ ንገሩት፤ በማደንዘዣ ውስጥ ስለሆነች አይሰማትም። ገንዘብ ካጠረ ከሴቶቹ ጀምሩ።

ቢላዋውም የሚቀርበት ቀን ሳይመጣ አይቀርም። እ.ኤ.አ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለስድስት ሴት ድመቶች አንድ መርፌ ወጉ፣ ለሦስቱ አልሰጡም። የተወጉት ስድስቱም አልወለዱም፣ ያልተወጉት ሦስቱም ወለዱ። መርፌው የእንቁላሉን ማደግ የሚገታ የሰውነት ንጥረ ነገር ጡንቻዋ ራሱ እንዲያመርት የሚያደርግ ነው። አንድ ጊዜ ከተወጋች በቃ። በሙከራ የታየው በዘጠኝ ድመት ብቻ ነው፣ ጉለሌ እስኪደርስ ቢላዋውን እንታገሥ።

ከሰባቱ አምስቱን አድርሰናል፦ አራት ሴት፣ አንድ ወንድ። በመቶኛ ሲሰላ 71 ይመጣል፤ ስልክ ጠጋኙ ካልኩሌተሩን እያሳየ ግቢውን ዞረ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ጦርነት ቀንሷል። መርዝ ያለው ጎረቤታችን ‹‹ካልወለዱ ምን ቸገረኝ›› ብሎ እስከ ፋሲካ ቀጠሮ ሰጥቶናል። የቀረን አንድ ወንድና ግራጫዋ ናት።

ግራጫዋ ሣጥን አትገባም። ስልኩ ሌሊት በሌሊት ያነሣታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ትመጣለች፣ ሰርዲኑን ከሩቅ ታሸታለች፣ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች፣ ትሄዳለች። የትናንትናውን ፎቶ ስልክ ጠጋኙ አስፍቶ አሳየኝ። ሆዷ ጎንና ጎኑ ወጣ ወጣ ብሏል። ለጎረቤታችን እስካሁን አልነገርነውም፤ ዛሬ ማታ ሣጥኑን ወደ እንጨት ማጀቱ ጠጋ እናደርገዋለን።